ባሌን የገደለው ፎቶ

እናቴን ሦስት ወር ሙሉ በሳህንና በጫማ ዋሸኋት። በአፌ አንድም ቃል አልዋሸሁም፤ እሱን እንኳ እወቁልኝ። ብርጭቆ አስቀመጥኩ፣ ኮት ወንበር ላይ ጣል አደረግሁ፣ ፎቶ አነሳሁ፣ ላክሁ። አሁን ሳወራው የሚሰማኝ ሰው ሁሉ ይስቃል። እኔ ግን ያኔ አልሳቅሁም።

ነገሩ ሲጀመር ውሸት አልነበረበትም። እናቴ ያለችው አዲስ አበባ ነው፣ ከታላቅ እህቴ ጋር። ጆሮዋ ከደከመ አራት ዓመት ሆኖታል። ስልክ ስደውል እኔ ካምፓላ ሆኜ እጮሃለሁ፣ እሷ «ማን ልበል?» ትለኛለች፣ ጎረቤቶቼ ምን ሆነች ብለው በመስኮት ያዩኛል። በቪዲዮ እንሞክር ብለን ነበር፤ የራሷን ፊት በስክሪኑ ጥግ ስታየው «ይቺ ደግሞ አሮጊት ማናት?» ብላ ተናደደችና ሁለተኛ አልነካውም አለች። ጽሑፍ እንዳልልክላት፣ ዳዊት ስትደግም የማትደናቀፍ ሴትዮ የስልክ ፊደል ጉንዳን ነው የሚመስለኝ ትላለች። ስለዚህ እሷ ድምፅ ቀድታ ትልካለች፣ እኔ በፎቶ እመልሳለሁ።

መጀመሪያ ጉንፋን ይዞኝ ሎሚ፣ ነጭ ሽንኩርትና የአንገት ልብሴን ጠረጴዛ ላይ ደርድሬ ላክሁላት። አምስት ደቂቃ አልቆየችም። «ውይ ልጄን! ጉንፋን ያዘሽ? እዚያ አገር ዳማከሴ የለም?» አለች። ደስ አለኝ። ሌላ ጊዜ ትንሽ ሻንጣ ከፍቼ አንድ ሸሚዝና የጥርስ ብሩሽ አስቀመጥኩበት፤ ለሥራ ወጣ ልል እንደሆነ ገባት። ከዚያ በኋላ በየእሁዱ ሆነ። አንዳንዴ አራት አምስት ፎቶ በተራ እልካለሁ፣ የረጠበ ጃንጥላ፣ ጭቃ የበላው ጫማ፣ ባልዲ፣ የሻይ ብርጭቆ፤ እሷ ሳምንቴን እንዳለ ታነበዋለች። አንድ ቀን የራሴን ፊት ብልክላት ቅር አላት። «ተይ ይሄን» አለች፤ «ሰው ፎቶ ሲነሳ ይስቃል። ድስት አይስቅም።»

ስለ ባሌ ልናገር እንግዲህ። ከዘጠኝ ዓመት በፊት ሽማግሌ ሲልክ እናቴ ሁለት ጊዜ መልሳቸዋለች። ምክንያቷ አንድ ነበር፤ «ልጁ ዝምተኛ ነው። ዝምተኛ ሰው ሲሄድም አይሰማም።» እኔ አለቀስኩ፣ ምግብ ተውኩ፣ ከእሷ ጋር ስምንት ወር ተኳረፍኩ፣ ዘመድ አዝማድ እግሯ ላይ ወደቀና አገባሁት። ከዚያስ? ከዚያማ ራሷ ወደደችው! ረቡዕና አርብ የማይስት፣ በጾም ውሃ እንኳ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የማይቀምስ ሰው መሆኑን ስታይ አለቀላት። «ልጄ» እሱ ሆነ፤ እኔ «አንቺ» ሆንኩ። በርበሬ ስትልክ በእሱ ስም ነው የምትልከው። እኔን አምጣ የወለደችኝ ሴትዮ እኮ ናት!

ታዲያ ይሄ ዝምተኛ ሰው በጥምቀት ማግስት ልብሱን በሁለት ሻንጣ ሞልቶ ሄደ። ጠብ የለ፣ ሌላ ሴት የለች። «ሁለታችንም ደክሞናል» አለ። እኔን ደክሞሽ ነው ወይ ብሎ የጠየቀኝ የለም። ንሳምብያ ኮረብታው ላይ አንድ ክፍል ቤት ተከራየ። እኔ ያለሁት ከናሙዎንጎ ከፍ ብሎ ነው፤ በቦዳ፣ በሞተር ታክሲ ማለቴ ነው፣ አሥር ደቂቃ ነው መሀላችን። አገር ለቆ ቢሄድ እንኳ አንድ ነገር ነው፤ ሱፐርማርኬት ውስጥ ቲማቲም ስመርጥ እንዳላገኘው እየተሳቀቅሁ ነው የምኖረው።

መሄዱ አንገብግቦኛል፤ አልክድም። ከእሱ የባሰብኝ ግን እናቴ ስትሰማ የምትለኝ ነበር። «አላልኩሽም?» ትለኛለች። ያችን አንዲት ቃል ከምሰማ አፈር ብበላ ይሻለኛል አልኩ። ያን ሁሉ ሰው አስለምኜ፣ ያን ሁሉ ወር አኩርፌ ያገባሁት ሰው፣ ልክ እሷ እንዳለችው፣ ሲሄድ ድምፁ እንኳ አልተሰማም።

ለእህቴ ነገርኳት። እሷ ደግሞ ጭራሽ ባሰች።

«እንዳትነግሪያት!» አለችኝ። «ደም ግፊቷ አልወርድ ብሏል። ዛሬ ከነገርሻት ገደልሻት ማለት ነው። ፋሲካ ይለፍ።»

የእህቴ ነገር ሁሉ ፋሲካ ይለፍ ነው። የቤቱ ጣሪያ ቢያፈስም ፋሲካ ይለፍ ትላለች። ግን እውነቱን ለመናገር እኔም ሰበብ ስፈልግ ነበርና እሺ አልኩ። ችግሩ፣ እሁድ መጣ። እናቴ የለመደችውን ትጠብቃለች፤ በእኔ ፎቶ ላይ ደግሞ አራት ዓመት ሙሉ ሁለት ብርጭቆ ነው የለመደችው።

እህቴ ከአዲስ አበባ ሆና ታዘኝ ጀመር። «ሁለት ሳህን አድርጊ። ኮቱን ወንበሩ ላይ። ኧረ እንደሱ አይደለም፣ ወንድ ልጅ ኮት አይሰቅልም፣ ይጥላል! ጣል አድርጊው!» ልልክ ያሰብኩትን ፎቶ አስቀድሜ ለእሷ እልካለሁ፤ እሷ ታርመዋለች፤ እንደገና አነሳለሁ። ትቶልኝ የሄደው ገበሩ የተቀደደ አንድ ግራጫ ኮት ነው፤ ይሄን ኮት በሦስት ወር ውስጥ ያላስቀመጥኩበት የቤቱ ጥግ የለም። ሥራ ውዬ፣ በጂንጃ መንገድ የትራፊክ መጨናነቅ ሁለት ሰዓት ተቃጥዬ፣ ቤቴ ገብቼ የሄደ ባሌን ሹካ ቀኝ ላድርግ ግራ እያልኩ አስባለሁ። ወይ ጣጣ!

ቤት የምታግዘኝ ሴትዮ ደግሞ አለች። በዕድሜ ትበልጠኛለች፣ በሳምንት ሦስት ቀን ነው የምትመጣው፣ እጇ ካለ ቦታው የተቀመጠ ዕቃ አይቶ አያልፍም። ሆን ብዬ ቆሻሻ ብርጭቆ ሳስቀምጥ ዞር ስል ታጥቧል። ኮቱን ወንበር ላይ ጣል ሳደርገው ተኩሳ ቁም ሳጥን ውስጥ ትሰቅለዋለች። «ተይው፣ እንዳለ ይሁን» እላታለሁ። «ኛቦ» ትለኛለች፣ እመቤቴ ማለቷ ነው፤ «የሰው ቤት እንዲህ አይተውም» ብላ ትቆጣኛለች። በገዛ ቤቴ!

ጥፋቱ የመጣው ግን በእንቁላል ነው። አንድ ጠዋት፣ ዐቢይ ጾም ሳይገባ፣ ለሥራ እየተጣደፍኩ ሁለት ሳህን ላይ እንቁላል ፍርፍር አደረግሁ፤ አንዱን ለእሱ፣ ሹካውን ሰካሁበት፣ አነሳሁ፣ ላክሁ። ለእህቴ እንኳ አላሳየኋትም፤ አሁንማ ለምጄዋለሁ ብዬ ኮርቻለሁ። ናካዋ ቢሮዬ ሳልደርስ የእናቴ ድምፅ ገባ። ዝግ ያለ ነበር፤ እሷ ዝግ ስትል እኔ እፈራለሁ።

«ልጄ... ዛሬ እኮ አርብ ነው። እሱ አርብ ቀን እንቁላል በላ?» ቀጥላ ደግሞ፣ «የንስሐ አባቱ ፈቀዱለት? ምን አመመው?»

ቦዳ ላይ እንዳለሁ መልእክቱን ደግሜ ሰማሁት። እኔ አርብን ከረሳሁ ቆይቻለሁ፤ ለእኔ ብቻ ቢሆን ምንም አልነበረም። ያ ሰው ግን በአርብ እንቁላል የሚበላው ወይ ሲታመም ነው፣ ወይ ሌላ ሰው ሲሆን ነው። ግን ይሄን ሁሉ አስቤ ስጨርስ ምን ተሰማኝ መሰላችሁ? እፎይታ። ሄደ አላለችም፤ ታመመ ነው ያለችው። አይ የኔ ነገር!

እህቴ ስትሰማ ጮኸችብኝና መፍትሔ አመጣች። «ሥራ እየሄደ መሆኑን አሳዪያት። ጫማውን በር ላይ አድርጊ።» ጫማ? ሰውየው ጫማውን አንድ ሳያስቀር ይዞ ነው የሄደው። በምሳ ሰዓት ናካዋ ገበያ ወርጄ የሰልባጅ ጫማ ተራ ገባሁ። ባሌ አርባ ሁለት ቁጥር ነው የሚያደርገው። አርባ ሁለቱ ሁሉ ያለቀለት ነበር፤ አንድ ቡናማ አርባ አራት ግን አዲስ ይመስላል። ጫማ በፎቶ ማን ይለካል ብዬ ገዛሁት።

እናቴ ትለካለች። «የበሩን ምንጣፍ የላክሁልሽ እኔ ነኝ» አለች፤ «የእሱ ጫማ አበባው ጫፍ ድረስ ብቻ ነበር የሚደርሰው። አሁን አበባውን አልፎ ሄዷል። እግሩ አብጧል! እግር የሚያብጠው ከኩላሊት ነው፤ እኔን አታሞኙኝ።»

ቤት የምታግዘኝ ሴትዮም ጫማውን አየችው። «ሰውየው ተመለሰ?» አለችኝ፣ ፊቷ በርቶ። ምን ልበላት? ዝም አልኩ። ዝምታዬን አዎ ብላ ወሰደችውና በማግስቱ ለሁለት ሰው የሚሆን ማቶኬ፣ ያን የአገሩን የሙዝ ቅቅል፣ ሠርታ ጠበቀችኝ፤ «ከስቶ ይሆናል» ብላ። ሦስት ቀን ሙሉ ማቶኬ በላሁ።

ከዚያ በኋላ ያደረግሁት ሁሉ እያባሰው ሄደ። ጾሙ ገባ፤ ሽሮ አድርጌ ሙሉ ሳህን ባስቀምጥ ያልተነካ ይመስላል ብዬ የእሱን ግማሽ በላሁለት። «ግማሹን ተወው፣ ምግብ እምቢ ብሎታል» አለች። ለራስ ምታቴ የምውጠው ኪኒን በፎቶው ጥግ ገብቶ ኖሯል፤ እሱንም አየችው። ውሃ ብርጭቆ ሳደርግ ጥም ነው አለች፤ ሳላደርግ ሐኪም ከልክሎት ነው አለች። በመጨረሻ ሲመረኝ ትልቅ ካርቶን ላይ በወፍራም ማርከር «ደህና ነው» ብዬ ጽፌ፣ ካርቶኑን አንስቼ ላክሁላት። ጉንዳን አይደለም፣ ዝሆን የሚያህል ፊደል ነው።

«ደህና ነው ተብሎ የሚጻፈው» አለችኝ እናቴ፣ «ደህና ያልሆነ ሰው ቤት ነው።»

ቀጥላም እንዲህ አለች፤ ይሄኛውን መልእክት አላጠፋሁትም፣ አሁንም ስልኬ ላይ አለ። «እኔ የሰው ጤና ሲደበቅ አውቃለሁ ልጄ። የአጎትሽን ሞት ከአንቺ አራት ወር የደበቅሁት እኔ አይደለሁም እንዴ?»

እውነቷን ነው። የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ሳለሁ አጎቴ ሞቶ፣ ፈተና አላት ብለው፣ አራት ወር ሙሉ «ስልኩ ተበላሽቶ ነው»፣ «ገጠር ወርዶ ነው» ሲሉኝ ቆይተው አንድ ማለዳ ጎረቤት ሰብስበው አረዱኝ። እኛ እንግዲህ እንዲህ ነን። ሕመምና ሞት በመደበቅ ማን ያህለናል? እናቴ አንድ ነገር እንደደበቅኋት በደንብ አውቃለች፤ የምደብቃት ነገር ደግሞ ሕመም ካልሆነ ሞት ነው፤ ሌላ ምን ይደበቃል? ልጄ ትዳሯ ፈርሶ ነው የምትል ሐሳብ በአጠገቧም አላለፈችም። ለእሷ እኔና እሱ አንድ ቤት ነን፤ አበቃ። ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን «አላልኩሽም?» የምትለዋ ቃል በጆሮዬ እየጮኸች፣ እህቴም በዚያ በኩል «ፋሲካ ይለፍ» እያለች፣ ዋጥኩት።

በዚያ መሀል እናቴ ለእሱ ጤና ተሳለች፤ በዚያ ዕድሜዋ ጠዋት ጠዋት ኪዳን ትሄዳለች፣ አክፍሎቷን ከአሁኑ ጀምራዋለች አሉ። ሰውየው ንሳምብያ ላይ ጤና በጤናው ሆኖ ይተኛል፤ እኔ እንቅልፍ የለኝ፤ አዲስ አበባ ላይ ያለችው አሮጊት ስለ ኩላሊቱ ትሰግዳለች። ደሜ ፈላ። በማን ላይ እንደምናደድ እንኳ ጠፋኝ።

ያ እሁድ እንዲህ ሆነ። እህቴ ለሥራ ሐዋሳ ሄዳ ነበር፤ የሚያርመኝ የለም። ከሰዓት በኋላ የካምፓላ ዝናብ አገር ምድሩን አጨለመው፣ መብራት ሄደ። ፎቶ መላክ አለብኝ። ያለው ኮት ነው፣ ጫማ ነው፣ ከመሳቢያ ያገኘሁት አሮጌ የማንበቢያ መነጽሩ ነው። ዛሬ ደስ የሚል ነገር ልላክላት አልኩ፤ ሰውየው እሁዱን ቤቱ ውሎ፣ ዝናቡን እየሰማ፣ ጫማውን አውልቆ ተኝቷል የሚል። ኮቱን ወንበሩ ላይ ዘርግቼ፣ ጫማውን ከሥሩ አጣምሬ፣ መነጽሩን በነጭ የጠረጴዛ ልብስ ላይ አጥፌ አስቀመጥኩ። ጨለማ ሆነብኝ፤ ሻማ ለኮስኩ። ምን የመሰለ ብርሃን ወጣ! ሦስት ወር ሙሉ ካነሳኋቸው ሁሉ የመጀመሪያው ቆንጆ ፎቶ ነው። ራሴን አድንቄ ላክሁት።

መልስ አልመጣም። ተኝታ ይሆናል አልኩ።

ሰኞ ከስድስት ሰዓት በፊት ቢሮ ሳለሁ እህቴ ደወለች። ሐዋሳ አድራ ያን ሰዓት ቤት መግባቷ ነበር። ከኋላዋ የብዙ ሰው ድምፅ ይሰማል።

«ሞተ እንዴ?» አለችኝ እያለቀሰች። «እንዴት ለእኔ አትነግሪኝም? ለእኔ!»

«ማን ነው የሞተው?»

«ባልሽ ነዋ!»

«አልሞተም!»

«እናትሽ ታዲያ ምን ሆና ነው? ቤቱ በሰው ተሞልቷል፣ የዕድሩ ወንበር መጥቷል፣ ንፍሮ ተቀቅሏል፣ እማዬ ጥቁር ለብሳ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ተቀምጣለች! ከትናንት ጀምሮ ‹ልጄን፣ ልጄን› እያለች ነው። ሻማ በርቶለት አየሁት ትላለች!»

ስልኩን ከጆሮዬ አውርጄ የላክሁትን ፎቶ ከፍቼ አየሁት። እግዚኦ! የሰው ልብስ ወንበር ላይ ተዘርግቷል። ጫማው ከሥሩ ተጣምሯል። መነጽሩ ነጭ ጨርቅ ላይ ታጥፏል። አጠገቡ ሻማ ይነዳል። ልቅሶ ቤት የሟች ልብስ አውጥተው የሚያለቅሱበት ጥግ እንጂ ሌላ ምን ይመስላል? ከልጅነቴ ጀምሮ ስንት ልቅሶ ቤት ገብቼ አይቼዋለሁ። እኔ ብርሃኑ እንዴት አማረ እያልኩ፣ ለገዛ እናቴ የባሌን ሞት በእጄ አረዳሁ። የሰፈሩ ሴቶች ስልኩን እየተቀባበሉ አይተው ደረታቸውን መትተዋል፤ አንዷም «ኧረ ይሄ የእሁድ እንቅልፍ ሊሆን ይችላል» አላለችም። ትክክል ናቸው። እኔም ባይ አለቅስ ነበር።

«ንገሪያት!» አልኳት እህቴን። «በሕይወት አለ በያት!»

«በጆሮዋ ጮህኩባት እኮ! ‹አንቺም ትደብቂኛለሽ፣ አብራችሁ ነው የምትደብቁኝ› አለችኝ። አቁመሽ ካላሳየሻት አታምንም። ስለ ዐርባው መነጋገር ጀምረዋል!»

ለባሌ ደወልኩ፤ አያነሳም። ሲሄድም ሲኖርም አያነሳም። ከናካዋ ቦዳ ይዤ በመኪናው መሀል እየተሹለከለክን ንሳምብያ ወጣሁ። የምሳ ሰዓት ነበርና ጋደም ሊል ቤቱ ገብቶ ነበር። በሩን ሲከፍትልኝ ከጥምቀት ወዲህ ፊት ለፊት ስንተያይ የመጀመሪያችን ነው። ሰላም እንኳ አላልኩትም።

«ሞተሃል» አልኩት።

ገለል ብሎ አስገባኝ።

«እናቴ ልቅሶ ተቀምጣልሃለች። ከትናንት ጀምሮ። ዕድሩ መጥቷል። አሁን ቁምና ፎቶ ላንሳህ።»

እንዴት እንደሆነ ሁሉንም እየተናደድኩ ነገርኩት፤ እንቁላሉን፣ ጫማውን፣ ሻማውን። ይስቃል ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር፤ ቢስቅ ምን እንደምለው በመንገዴ ሁሉ ሳሰላስል ነው የመጣሁት። አልሳቀም። ወንበሩ ላይ ቁጭ አለና «ለእኔ አለቀሱ?» አለኝ። ዓይኑ ውሃ ሞላ። ይሄ ይባስ አቃጠለኝ! ስምንት ዓመት አብሬው ስኖር ያ ዓይን ለእኔ ውሃ ሲሞላ አላየሁም። ሸሚዝ ልቀይር አለኝ፤ «ለእርሳቸው እንዲህ አልታይም» ብሎ። ቀየረ። ግድግዳው አጠገብ አቆምኩት፣ አነሳሁት፣ ለእህቴ ልኬ ደወልኩላት፤ መስመሩን ሳልዘጋ ወደ ውጭ ወጣሁ።

በስልኩ ሁሉንም እሰማ ነበር። መጀመሪያ እህቴ «ይኸው፣ እይው!» ብላ ጮኸች። ከዚያ አንዲት ሴት «በስመአብ!» አለች። ከዚያ እልልታው ቀለጠ። ጥቁር ለብሰው፣ ንፍሮ በእጃቸው ይዘው እልል አሉ፤ ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም! እኔም በመንገዱ ዳር ብቻዬን ቆሜ ሳላስበው ሳቅሁ። አለፈ አልኩ። ሰውየው ከሞት ተነሳ፣ እናቴ ደስ አላት፣ ፋሲካ እስኪያልፍ ሌላ ኮት ፈልጌ እቀጥላለሁ አልኩ። እንዲህ ነው ያሰብኩት፤ አልደብቃችሁም።

እልልታው ቆመ።

«ምን ሆነች?» አልኳት እህቴን።

«ፎቶውን በሁለት ጣቷ እየለጠጠችው ነው» አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

ያኔ ገባኝ። ፊቱን ብቻ ነበር ያየሁት እኔ፤ ይኑር እንጂ የት እንደቆመ መች አስቤ። እናቴ ግን ፊት አታይም። ከኋላው ያለውን ነው የምታየው። ከኋላው ያለው ደግሞ በማንም አልተደረደረም፤ ማንም አላረመውም። አንድ ብርጭቆ፣ አንድ ሳህን፣ አንድ ዓይን ያላት የጋዝ ምድጃ፣ ሚስማር ላይ አንድ ፎጣ፣ አንድ ትራስ ያለው ጠባብ አልጋ።

«‹ይሄ የእሷ ቤት አይደለም› አለች» አለችኝ እህቴ። «‹ከመቼ ጀምሮ ነው?› ብላ ጠየቀችኝ። ... ነገርኳት። ምን ላድርግ? በጣቴ ሦስት አሳየኋት። ሦስት ወር።»

እዚያው ቆሜ ያቺን ቃል ጠበቅሁ። ከጥር ጀምሮ የሸሸኋት፣ ጫማ የገዛሁላት፣ ማቶኬ የበላሁላት ቃል ናት፤ የፈሩት ይደርሳል ይባል የለ። ትምጣ አልኩ። ከኋላ የወንበር ድምፅ ይሰማኛል፤ ሴቶቹ እየተነሱ፣ ነጠላቸውን እያስተካከሉ፣ «እንኳን ደስ ያለሽ» እያሉ ነው አለችኝ እህቴ፤ የዕድሩ ሰውዬም አግዳሚዎቹን ሊያስጭን መጥቷል።

ከዚያ የእናቴን ድምፅ ራሴ ሰማሁት። ጆሮዋ ስለደከመ ስትናገር ትጮሃለች፤ ለመስማት ማንም አላስፈለገኝም።

«የት ትሄዳላችሁ? ቁጭ በሉ» አለቻቸው። «ልጄ ባሏን አጥታለች። ብቻዋን ናት በሰው አገር።»

አንዲት ሴት እንኳ አልወጣችም አለችኝ እህቴ። ወንበሮቹ ተመልሰው ተቀመጡ፤ ልቅሶው እንደገና ተጀመረ፤ በዚህኛው የሚጠሩት የእኔን ስም ነበር። ያመጣኝ ቦዳ ሞተሩን አስነስቶ «ኛቦ፣ እንሂድ?» ሲለኝ እኔ የንሳምብያን መንገድ ዳር ይዤ፣ ስልኩን ጆሮዬ ላይ አድርጌ፣ ከሴቶቹ ጋር አለቅስ ነበር።